ተራ አስከባሪው ስንት ወንበር ይይዛል?

ሆሳዕና መናኸሪያ ጠዋት የገባን ሰው መጀመሪያ የሚቀበለው ጩኸት ነው። «ዱራሜ ዱራሜ! የሞላ!»፣ «ሾኔ አንድ ሰው!»፣ «ወራቤ፣ ቡታጅራ፣ አዲስ አበባ!»። («አንድ ሰው» ተብሎ የገባ ሰው ውስጥ አምስት ባዶ ወንበር እንደሚጠብቀው የታወቀ ነው፤ እሱን ለሌላ ቀን እናቆየው።) እኔን ግን ሁሌ የሚገርመኝ የሚጮኸው ሳይሆን ዝም ብሎ ወረቀት የያዘው ሰውዬ ነው። ተራ አስከባሪው። ራሱ አንድም ተሳፋሪ አይጭንም፣ መሪ አይጨብጥም። ግን የትኛው መኪና እንደሚጭን፣ የትኛው እንደሚጠብቅ፣ አንዱ ሲበላሽ ተሳፋሪው ወደ የትኛው እንደሚዛወር የሚወስነው እሱ ነው። ለዚህ ሥራው ይከፈለዋል፤ የሚቀመጥበት ጥላም ይፈልጋል።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። መናኸሪያው ውስጥ ያለው መኪና አንድ ብቻ ቢሆንስ? ተራ አስከባሪ ይቀጠራል?

ይሄን ጥያቄ ያመጣብኝ አንድ የዶርም ጓደኛዬ ነው። እኔ ኢኮኖሚክስ ስማር እሱ ኮምፒውተር ሳይንስ ነበር። አሁን ሆሳዕና ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ባለሙያ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም እንለፈው። ሰኔ ሲቃረብ፣ ያው የበጀት መዝጊያ ወከባ ሲጀምር፣ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። የግዥ ዝርዝር ነው፣ እነሱ «ስፔክ» የሚሉት። ከሥሩ «አንተ ኢኮኖሚስት አይደለህ? ይሄ ነገር ያዋጣል?» ብሎ ጽፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቱ አንድ ሰርቨር አለው። ባለ 8 ኮር አንድ ፕሮሰሰር፣ 32 ጊጋባይት ራም። በዚህ ላይ አራት ሥራ ሊያሠሩ ይፈልጋሉ፦ የደመወዝና የሰው ኃይል መዝገብ፣ የፋይል ማስቀመጫ፣ የሠራተኞች የይለፍ ቃል መቆጣጠሪያ እና አንድ ትንሽ የውስጥ ድረ ገጽ። አቅራቢው ደግሞ «ይሄን ሁሉ ለማስተዳደር ቪሴንተር ያስፈልጋችኋል፤ ለቪሴንተር 32 አይበቃም፣ ራሙን 64 አድርጉት፣ ላይሰንሱንም እኛ እናመጣለን» ብሏቸዋል።

ጓደኛዬ ያላወቀው ቴክኒኩን አይደለም። ከእኔ በደንብ ያውቀዋል። ያስቸገረው ፊርማው ነው። በመንግሥት ገንዘብ ላይ ሲፈርም የሚጠየቀው እሱ ነው።

መኪናውና ተራ አስከባሪው

ቃላቱን ቶሎ እንግባባባቸው። ቨርቹዋላይዜሽን ማለት አንድን ሰርቨር በሶፍትዌር ከፋፍሎ እንደ ብዙ ኮምፒውተር ማሠራት ነው። እያንዳንዱ ክፍልፋይ ቨርቹዋል ማሽን ይባላል፤ የራሱ ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ አለው፣ ጎረቤት እንዳለውም አያውቅም። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይቢኤም በ1972 (እ.ኤ.አ.) ለትልልቅ ማሽኖቹ አውጥቶታል፤ ምክንያቱም ያኔ ኮምፒውተር በጣም ውድ ነበርና ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት ኪሳራ ነበር። በ1998 የተመሠረተው ቪኤምዌር ያንኑ ሐሳብ ወደ ተራ ሰርቨሮች አወረደው። ዛሬ በስልካችሁ የምትከፍቷቸው አብዛኞቹ አፖች ከበስተጀርባ የሚያወሩት እንዲህ ካለ ማሽን ጋር ነው።

እዚህ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሶፍትዌሮች አሉ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም ሁለቱ ሲምታቱ ነው። የመጀመሪያው ሃይፐርቫይዘር ይባላል፤ ሰርቨሩን የሚከፋፍለው እሱ ነው። በእኛ ምሳሌ መኪናው ከነሹፌሩ ነው። የቪኤምዌሩ ኢኤስኤክስአይ ይባላል። ሁለተኛው የማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ነው፤ ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ የሚያይ፣ ሥራ የሚደለድል፣ የሚያዛውር። ቪሴንተር ይሄ ነው። ተራ አስከባሪው።

ያለ መኪና ጉዞ የለም። ያለ ተራ አስከባሪ ግን አንድ ሚኒባስ በደንብ ይሄዳል።

እንግዲህ ወረቀቱን እንይ። ኢኤስኤክስአይ 8 ቢያንስ 2 ኮርና 8 ጊጋባይት ራም ይፈልጋል፤ ለእውነተኛ ሥራ ደግሞ ቢያንስ 12 ይሁን ይላሉ። ቪሴንተር 8 በመጠን ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው። ትንሹ መጠን 2 ቨርቹዋል ፕሮሰሰር፣ 14 ጊጋባይት ራም እና 579 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይጠይቃል (ዲስኩን ቀስ በቀስ እንዲሞላ አድርጎ መጫን ይቻላል፣ ራሙን ግን ወዲያው ይወስዳል)። ከእሱ ቀጥሎ ያለው 4 ፕሮሰሰርና 21 ጊጋባይት ነው። ትልቁ 24 ፕሮሰሰርና 58 ጊጋባይት።

የመጠኖቹ ስም ወደ አማርኛ ቢመለስ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «ጥቃቅን» እና «አነስተኛ» ይሆናሉ። አዎ፣ ልክ እንደ ኢንተርፕራይዞቻችን። ልዩነቱ የቪኤምዌር «ጥቃቅን» እስከ 10 ሰርቨርና እስከ 100 ቨርቹዋል ማሽን ድረስ የሚያስተዳድር መሆኑ ነው። ትልቁ መጠን 2,000 ሰርቨርና 35,000 ማሽን ይይዛል። የጓደኛዬ ቤት አንድ ሰርቨር፣ አራት ማሽን። ከጥቃቅን በታች ምን ይባላል?

አሁን ወደ እኔ ሙያ እንምጣ። 14 ጊጋባይት በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ቋሚ ወጪ ነው። አንድ ሰርቨር ብታስተዳድሩም አሥር ብታስተዳድሩም ያው ነው። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ለስንት ይካፈላል ነው። ከ32 ጊጋባይት ላይ 14 ሲነሳ ከመቶ 44 ይሆናል። በሌላ በኩል እያንዳንዳቸው 256 ጊጋባይት ያላቸው አሥር ሰርቨሮች ያሉት ድርጅት በድምሩ 2,560 ጊጋባይት አለው፤ 14 ለእሱ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፣ ግማሽ ገደማ ነው። ያው ሶፍትዌር ነው። ለአንዱ ከሁለት ወንበር አንዱን ሊይዝበት ምንም አልቀረው፣ ለሌላው ግን መኖሩም አይታወቅ።

ከ32 ላይ 14 ሲወጣ 18 ይቀራል። አራቱ ማሽኖች አራት አራት ጊጋ ቢሰጣቸው 16 ነው፤ ሃይፐርቫይዘሩ ራሱ ከሚበላው ጋር ሞላ። 64 የተባለውም ከዚህ ነው። የአቅራቢው ስሌት ልክ ነው፤ ሰውዬው አልዋሸም። ግን ተጨማሪው 32 ጊጋባይት የተጠየቀው ለተሳፋሪው ሳይሆን ለተራ አስከባሪው ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያሰልፈው መኪና የለውም።

ሰርቨሩ አንድ ከሆነ ኢኤስኤክስአይ የራሱ የማስተዳደሪያ ገጽ አለው። በብሮውዘር ትገባላችሁ፣ ማሽን ትፈጥራላችሁ፣ ታጠፋላችሁ፣ ራም ትጨምራላችሁ። በቃ። ቪሴንተር የሚያስፈልገው ሰርቨሮች ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው እንደ አንድ እንዲሠሩ ሲፈለግ ነው። በተለይ አንዱ ችሎታው እውነትም ያስደንቃል፦ እየሠራ ያለን ማሽን ሳያጠፉ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ ማዛወር። ወደ ዱራሜ በመሄድ ላይ ካለ ሚኒባስ ተሳፋሪውን ሳይቆሙ አጠገቡ ወደሚሄደው ሌላ ሚኒባስ እንደማስተላለፍ ነው፤ ተሳፋሪው እንቅልፉን እንኳ ሳያቋርጥ። ግን ሁለተኛ ሚኒባስ ያስፈልጋል። ሁለቱ መኪኖችም መመሳሰል አለባቸው። አንዱ ሰርቨር ኢንቴል ሌላው ኤኤምዲ ከሆነ ይሄ ጨዋታ አይሠራም። አንዱን ዓመት ከአንዱ፣ ሌላውን ዓመት ከሌላው አቅራቢ የሚገዛ መሥሪያ ቤት ይሄን ስፔኩ ላይ ቢጽፍ ጥሩ ነው።

ሌላ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር፦ ቪሴንተር ቢጠፋ ማሽኖቹ አይቆሙም። ተራ አስከባሪው ምሳ ቢሄድ መንገድ ላይ ያለ መኪና አይቆምም አይደል? አዲስ ስምሪት ግን የለም።

የዶላሩ ነገር

ራም አንዴ ይገዛል፤ ላይሰንስ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ብሮድኮም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኅዳር 12 ቀን 2016 ቪኤምዌርን በ69 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለው። በቀጣዩ ወር አንዴ ገዝቶ ለዘላለም የመጠቀም ፈቃድ መሸጥ አቆመ፤ አሁን ያለው በየጊዜው የሚታደስ ኪራይ ነው። የሚሰላውም በኮር ሲሆን ለአንድ ፕሮሰሰር ቢያንስ የ16 ኮር ይከፈላል። የጓደኛዬ ሰርቨር 8 ኮር ነው ያለው፤ የ16 ይከፍላል። ኮንትራት መኪና ይዞ ብቻውን እንደሚሄድ ሰው ማለት ነው፣ ወንበሩ ባዶ ቢሆንም ሂሳቡ የሙሉ ነው።

ነፃ የነበረው ኢኤስኤክስአይም በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ላይ ቀርቶ፣ በሚያዝያ 2017 አካባቢ እንደገና ተመልሷል። ግን ነፃው ቅጂ በቪሴንተር አይተዳደርም። ተራ አስከባሪ ከፈለጋችሁ መኪናውንም በክፍያ ነው የምትይዙት።

ክፍያው በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር ገደማ የተነሳው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። በየዓመቱ የሚታደስ የዶላር ኪራይ የገባ መሥሪያ ቤት በጀቱ የሚያዘው በብር ነው። የአንድ ዓመት ስህተት ቢሆን ይታለፋል። ይሄ ግን በየሰኔው ተመልሶ የሚመጣ ወጪ ነው፤ ያላደሰም ድጋፍና ማሻሻያ አያገኝም።

አማራጩ ፕሮክስሞክስ ይባላል። ከኦስትሪያ ቪየና የመጣ፣ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው፤ ሊኑክስ ላይ ይሠራል። የሚፈልገው ከሚያስተናግዳቸው ማሽኖች ውጭ ለራሱ 2 ጊጋባይት ራም ነው። ከ32 ላይ ከመቶ 6 ገደማ። ልዩነቱ የመጣው አሠራሩ ሌላ ስለሆነ ነው፦ እዚህ ለብቻው የተቀመጠ ተራ አስከባሪ የለም። እያንዳንዱ ሹፌር ዝርዝሩን በኪሱ ይዟል፤ የትኛውም ሰርቨር ላይ ብትገቡ ሁሉንም ታስተዳድራላችሁ። ዜድኤፍኤስ የሚባለውን የዲስክ አያያዝ ከመረጣችሁ ግን በአንድ ቴራባይት አንድ ጊጋባይት ራም ጨምሩ። ክፍያ የሚጠየቀው ድጋፍ ለሚፈልግ ነው፤ ሳትከፍሉ ስትገቡ «የደንበኝነት ፈቃድ የለህም» የሚል መልእክት በየጊዜው ብቅ ይላል። ትዘጉታላችሁ፣ ሥራ ትቀጥላላችሁ።

ፕሮክስሞክስ ለሁሉ ነው አልልም። ሊኑክስ የሚፈራ ባለሙያ ብቻ ያለበት ቤት ነፃ ሶፍትዌር ጭኖ ሲበላሽ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ቢያስመጣ፣ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድና አበል ሲደመር ነፃነቱ ይቀራል። ጓደኛዬ ግን ሊኑክስ ይችላል። ተጨማሪውን ራም ያዘው፣ ላይሰንሱን ከስፔኩ ሰርዘው፣ በተረፈው ባክአፕ የሚቀመጥበት ዲስክና ጥሩ ዩፒኤስ ጻፍበት አልኩት። ራሙን ለምን ያዘው? ምክንያቱም ራም ላይ ትርፍ መጫን አይቻልም።

ይሄን ላስረዳ። ፕሮሰሰር ላይ ትርፍ መጫን ይቻላል። 8 ኮር ላይ በድምሩ 16 ቨርቹዋል ፕሮሰሰር ብትሰጡ ብዙ ጊዜ ችግር የለም፤ ሁሉም ማሽኖች በአንድ ጊዜ ስለማይሠሩ። መሀል መንገድ ላይ አንዱ ሲወርድ ሌላው እንደሚገባው ነው። ራም ግን የተያዘ ወንበር ነው፤ ማሽኑ ሥራ ባይኖረውም ተቀምጦበታል። ትርፍ ለመጫን የሚያስችሉ ዘዴዎች አሉ፤ ግን ሲጨናነቅ ሰርቨሩ ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምርና ሁሉም አብሮ ይዘገያል። ደመወዝ በሚሠራበት ቀን ይሄን ማየት አትፈልጉም።

ወረቀቱ ላይ የማይጻፉት

የአምራቾቹ ዝርዝር የተጻፈው ለሆሳዕና አይደለም። ስለዚህ እዚህ ብቻ ትርጉም የሚኖራቸው ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ቪሴንተር ሲጫን የሰርቨሮቹ ሰዓት አንድ መሆን አለበት፤ የደኅንነት ሰርተፊኬቶቹ የሚረጋገጡት በሰዓት ነው። ግድግዳው ላይ ጠዋት 3 ሰዓት ሲል ኮምፒውተሩ 9 ማለት አለበት። የግድግዳውን አይቶ 3 ብሎ የሞላ ሰው ሰርቨሩን ስድስት ሰዓት ወደኋላ መልሶታል፤ ጎረቤቱ ያሁን ሰርተፊኬት ሲያሳየው «ይሄ ገና አልጀመረም» ብሎ ይመልሰዋል። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ብትሞሉትማ ሰርቨሩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ሄዶ ይኖራል። ጓደኛዬ እንዳለኝ እንዲህ ዓይነቱን ስህተት ለማግኘት ግማሽ ቀን የፈጀበት ጊዜ ነበር፤ ምክንያቱም የሚወጣው መልእክት ስለ ሰዓት አንድም ቃል አይናገርም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በቤቱ ውስጥ አንድ ሰዓት ሰጪ ማሽን ይመረጥ፣ ሁሉም ከእሱ ይውሰድ። ስምም እንደዚሁ ነው። ለቪሴንተር ስም ከሰጣችሁት ስሙ ወደ አይፒ አድራሻው፣ አድራሻውም ወደ ስሙ መመለስ አለበት። ይሄ ሳይስተካከል ጭነቱ መሀል ላይ ይሰናከላል።

ሁለተኛው ከፍታ ነው፤ ይሄን ሳነብ እኔም ተገርሜያለሁ። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የብዙ ሰርቨሮች መመሪያ እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈቅዳል፤ ግን ከ900 ሜትር በላይ ለያንዳንዱ 300 ሜትር አንድ ዲግሪ ይቀነስ ይላል። አስሉት፦ 2,200 ሲቀነስ 900፣ ለ300 ሲካፈል፣ ከአራት ዲግሪ በላይ። ስለዚህ እዚህ ጣሪያው 35 ሳይሆን 31 ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ማራገቢያው የሚያልፈው አየር ሙቀት የመሸከም አቅሙ ስለሚቀንስ ነው። «ሆሳዕና ብርድ ናት፣ ኤሲ ምን ያደርጋል» የሚለው ክርክር ውጭ ለቆመ ሰው ይሠራል። መስኮት የሌለውን የዕቃ ክፍል ዘግታችሁ ሰርቨርና ዩፒኤስ ብታስገቡበት ግን 31 ሩቅ አይደለም።

መብራቱን እንኳ ታውቁታላችሁ። ለዩፒኤስ የሚያስፈልገው ቀኑን ሙሉ ማቆየት ሳይሆን ማሽኖቹ በሥርዓት እስኪዘጉ ድረስ የሚሆን ደቂቃ ነው፤ ከሰርቨሩ ጋር በኬብል ተያይዞ «መብራት ሄዷል፣ ዝጋ» ማለት መቻሉ ከባትሪው መጠን ይበልጣል።

ተራ አስከባሪ የሚያዋጣው የት ነው?

እስካሁን ቪሴንተርን የጠላሁ መስዬ ከሆነ አይደለም። ሆሳዕና በ2015 መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካና አስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። ሌሎች የክልሉ ቢሮዎች ደግሞ ዱራሜንና ወልቂጤን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ተከፋፍለዋል። አዲስ ክልል ማለት አዲስ ጠረጴዛ፣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ሰርቨር ነው። እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን ቢገዛ በየክፍሉ አንዳንድ ሰርቨር ይቀመጣል፤ አብዛኛውን ቀን አቅሙ ባዶ፣ ሲበላሽ ግን ቢሮው ሙሉ በሙሉ የሚቆም። ግማሽ ወንበራቸው ባዶ የሆነ መኪኖች ወደ አንድ ቦታ ተከታትለው ሲሄዱ ማለት ነው። ተራ አስከባሪ የተፈጠረው ለዚህ ነው።

አንድ ግቢ ውስጥ ያሉ ሦስት ቢሮዎች ሦስት ሰርቨራቸውን አንድ ላይ ቢያደርጉ አንዱ ሲወድቅ ሁለቱ ሥራውን ይሸከማሉ። ለምን ሦስት? ሁለት ብቻ ሲሆኑና መሀላቸው ያለው ገመድ ሲቋረጥ እያንዳንዱ «የሞተው እሱ ነው» ይላል። ሁለቱም ያንኑ መረጃ መጻፍ ቢጀምሩ መዝገቡ ይበላሻል። ስለዚህ ፕሮክስሞክስ ድምፅ ይቆጥራል፤ ከግማሽ በላይ ድምፅ የሌለው ወገን ሥራ ያቆማል። ሁለት ብቻ ከሆናችሁ ሽማግሌ ያስፈልጋችኋል፦ ሦስተኛ ድምፅ የሚሰጥ አንድ ትንሽ ማሽን። ለዚህ ሰርቨር መሆን የለበትም፣ መዳፍ የምታህል ራስፕቤሪ ፓይ እንኳ ትበቃለች። ለሽምግልና እንደሆነ በሀዲያም በከምባታም ሰው አይቸግርም፤ ኮምፒውተሮቹም እንደኛው ናቸው።

«ታዲያ የሆሳዕናውንና የዱራሜውን ሰርቨር ለምን አናጣምርም?» የሚል አይጠፋም። በፕሮክስሞክስ ክላስተር አይሆንም። አባላቱ የሚነጋገሩበት መስመር መዘግየቱ ከ5 ሚሊሰከንድ በታች እንዲሆን ይመክራሉ፤ ይሄ የአንድ ሕንፃ ወይም የአንድ ግቢ ኔትወርክ ልክ ነው። በከተሞች መካከል ያለ መስመር አንዴ ፈጥኖ አንዴ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይቋረጣል፤ በተቋረጠ ቁጥር ድምፅ ቆጠራ ነው። በየከተማው የየራሱ ክላስተር ኖሮ ባክአፕ ብቻ በሌሊት ቢላላክ ይሻላል። በርካታ ከተሞችን ከአንድ ቦታ ማየት የግድ ከሆነ ያኔ እንደ ቪሴንተር ያለ ማዕከላዊ አስተዳዳሪ ዋጋው ትርጉም ይኖረዋል፤ ራቅ ያሉ ቅርንጫፎችን ለማስተዳደርም ይጠቀሙበታል፣ 14 ጊጋባይቱም ለብዙ ይካፈላል።

የሚያስቸግረው ግን ቴክኒኩ አይመስለኝም። ሦስት ቢሮዎች ሰርቨር ሲጋሩ በማን ንብረት መዝገብ ላይ ይመዘገባል? ራም ሲጨመር ከማን በጀት? ሲበላሽ ማን ይጠየቃል? ለዚህ የሚሞላ ቅጽ እስኪኖር ድረስ እያንዳንዱ ኃላፊ የራሱን ሰርቨር በራሱ ክፍል ቆልፎ ቢያስቀምጥ አልፈርድበትም። ራም ከሚጨምር ሰው ይልቅ ሦስት ኃላፊዎችን አንድ ወረቀት ላይ የሚያስፈርም ሰው ብዙ ብር ያድናል።

በስልካችሁ ልትሞክሩት ስትሉ

ፕሮክስሞክስ በስልክ ብሮውዘርም ይከፈታል፤ በር ቁጥሩ 8006 ነው። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣችሁ ማሽን ማስነሳት ትችላላችሁ። ደስ ይላል፤ ስለሚያስደስትም ብዙ ሰው በሩን ለኢንተርኔት ክፍት አድርጎ ይተወዋል። እንዳታደርጉት። በየካቲት 2023 (እ.ኤ.አ.) ኢኤስኤክስአይአርግስ የተባለ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮችን ቆልፎ ገንዘብ ጠይቋል። የገባበት ቀዳዳ መድፈኛው የወጣው ከሁለት ዓመት በፊት ነበር። የተመቱት መድፈኛውን ያልጫኑና በራቸውን ለኢንተርኔት የከፈቱ ናቸው። የአንድ ማሽን ቁልፍ ቢሰረቅ አንድ ማሽን ይሄዳል፤ የተራ አስከባሪው ዝርዝር ቢሰረቅ መናኸሪያው በሙሉ ነው የሚሄደው። ከውጭ መግባት ካለባችሁ በቪፒኤን ይሁን።

ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆሳዕናም ሆነ ዱራሜ ካምፓስ ኮምፒውተር የምትማሩ፣ ወይም ተመርቃችሁ ሥራ የምትፈልጉ፣ ይሄን ለመልመድ ሰርቨር አያስፈልጋችሁም። 8 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ዴስክቶፕ ይበቃል። ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ኢንቴል ከሆነ «ቪቲ-ኤክስ»፣ ኤኤምዲ ከሆነ «ኤስቪኤም» የሚለውን አብሩ፤ ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚመጣው። «ማሽኔ አይችልም» ከሚሉት ብዙዎቹ ይሄን ያላበሩ ናቸው። ፕሮክስሞክስን አውርዳችሁ (ከ2 ጊጋባይት በታች ነው፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዱት) ፍላሽ ላይ ጻፉት። ስትጭኑት የመረጣችሁትን ዲስክ ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል፤ የሰው ፎቶና የሰርግ ቪዲዮ ያለበት ዲስክ ላይ እንዳይሆን።

ከ8 ጊጋው 2 ለራሱ ይያዝ። በቀረው 6 ሁለት ባለ 2 ጊጋ ማሽንና ሦስት አራት ባለ 512 ሜጋባይት የሊኑክስ ኮንቴይነር ታስነሳላችሁ። ከዚያ ሆን ብላችሁ ከመጠን በላይ ጫኑበት፣ ሲዘገይ እዩት። መብራቱን ከሶኬቱ ንቀሉት፣ ሲመለስ የትኛው በራሱ እንደተነሳና የትኛው እንዳልተነሳ ጻፉ። ሰዓቱን በስድስት ሰዓት አዛቡትና የሚወጣውን የስህተት መልእክት በስክሪንሾት ያዙት፤ አንድ ቀን የሆነ ቢሮ ውስጥ ያንኑ መልእክት ታገኙታላችሁ።